ድመታችሁ ሪሲቨሩ ላይ ተኝታለች? ሙቀቱን አዛውሩላት

ባለፈው ክረምት፣ አንድ ቅዳሜ፣ እንጀራ እየጋገርኩ መብራት ጠፋ። አራት እንጀራ የሚወጣው ሊጥ ቀርቶኛል። ሊጡን ከደንኩና “ይመጣል” ብዬ ጎረቤት ቡና ልጠጣ ወጣሁ። የምጣዱን ሶኬት አልነቀልኩም። ስመለስ ድመቴ ውሪት የምጣዱ ክዳን ላይ ጥቅልል ብላ ተኝታለች። ምጣዱ ገና አልበረደም፤ ደስ የሚል ለብታ አለው። ልቀሰቅሳት እጄን ስዘረጋ ፍሪጁ ግርር ብሎ ተነሳ። መብራት መጥቷል። ምጣዱም ከሥሯ መጋል ጀምሯል ማለት ነው። አፈፍ አድርጌ አነሳኋትና ሶኬቱን ነቀልኩ። ምንም አልሆነችም። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በማግስቱ ቤቴ ውስጥ የሚሞቀውን ዕቃ ሁሉ እየዞርኩ መፈተሽ ጀመርኩ። ጥቂት የማይባል ነገር አገኘሁ። አንዳንዱን በአንድ ቀን አስተካከልኩ፣ አንዳንዱ ሳምንታት ወሰደብኝ። ከዚህ በታች ያለው ያደረግኩት ነው። ድመት ያላችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ልትጀምሩት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ፣ ለምን እንደምትሄድ እንወቅ

የድመት የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከእኛ ከፍ ይላል። ጉልበት ሳታወጣ፣ ሳይበርዳትም ሳይሞቃትም የምትቆይበት አየር ደግሞ ከ30 ዲግሪ ይጀምራል። እኛ ላብ በላብ የምንሆንበት ሙቀት ለእሷ ገና ምቾት ነው። የቤት ድመት ዘሯ የሚመዘዘው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ ፀሐይና ደረቅ ምድር የለመደ እንስሳ። እኛ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ውስጥ፣ ማሞቂያ በሌለው ቤት እናኖራታለን።

ገጠር ቢሆን ምድጃ ዳር፣ ለብ ያለ አመድ ላይ ትተኛ ነበር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያ ምድጃ የለም። ስለዚህ ሪሲቨሩን ምድጃ አደረገችው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። “ቢያቃጥላት ኖሮ ራሷ ትነሳ ነበር” የሚለው ሐሳብ ልክ አይደለም። የሰው ቆዳ 44 ወይም 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማመም ይጀምርና እጃችንን እንሰበስባለን። ድመት ግን ቆዳዋ ከ50 ዲግሪ በላይ እስኪሞቅ ላትነሳ ትችላለች። 44 ዲግሪ ደግሞ ለአጭር ጊዜ ምንም ባያደርግም ለስድስት ሰዓት ያህል ከቆዳ ጋር ከተጣበቀ ሊያቃጥል ይችላል። ድመት በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት ትተኛለች። ስለዚህ ለእኛ “ሞቅ ያለ” ብቻ የሆነው ነገር ሆዷን ቀስ ብሎ ሊያቃጥለው ይችላል። ፀጉሩ ስለሚሸፍነው ቁስሉን የምናየው ዘግይተን ነው።

ደረጃ 1፦ ማታ ቤታችሁን ዙሩ

ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ቴሌቪዥኑም ሌላውም ዕቃ ለሰዓታት ሲሠራ ከቆየ በኋላ፣ የሚሞቀውን ዕቃ ሁሉ የላይኛውን ሽፋን በእጃችሁ ጀርባ ንኩ። በመዳፍ አይደለም። የእጅ ጀርባ ሙቀትን ቶሎ ይለያል፤ ዕቃው ቢነዝር ደግሞ ጡንቻው ተኮማትሮ እጃችሁን ከዕቃው ያርቀዋል እንጂ አያጣብቀውም። አስር ሰከንድ አቆዩት። አስር ሰከንድ ሳይከብዳችሁ ካለፈ ለብታ ነው። እጃችሁን ለማንሳት ከቸኮላችሁ ለድመትም አይሆንም። ምጣድና የኤሌክትሪክ ምድጃ አይነኩም፤ የእነሱ መልስ ያለመንካት ይታወቃል።

ፍሪጁ፣ ስታብላይዘሩ ወይም ሌላ ብረት ያለው ዕቃ ሲነካ የሚነዝር ከሆነ እዚያው ቁሙ። ቀላል ንዝረት ነው ብላችሁ አትለፉት። ብዙ ቤት ውስጥ ግራውንድ፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር፣ በደንብ አልተሠራም። እናንተ ጫማ አድርጋችሁ የምትችሉትን፣ በባዶ መዳፍ እርጥብ ሴራሚክ ላይ የቆመች ድመት አትችለውም። ሶኬቱን ነቅላችሁ ኤሌክትሪሻን ጥሩ።

ዕቃዎቹን ብቻ ሳይሆን ፀጉሯንም ፈልጉ። ፀጉር የተከማቸበት ቦታ እናንተ ሳታዩ የምትተኛበት ነው። እኔ ከፍሪጁ ጀርባ አገኘሁ። እዚያ ትገባለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ደረጃ 2፦ ሦስት ቦታ ክፈሏቸው

አንዳንዱን ተዉላት። የዋይፋይ ራውተር አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው አስር ዋት ገደማ ነው። ለብ ይላል እንጂ አያቃጥልም። “ጨረሩ ይጎዳታል ወይ?” የሚሉኝ አሉ። ድመቷ የምትሄደው ለሙቀቱ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከእንዲህ ያለው ደካማ የገመድ አልባ ሞገድ የሚመጣ ጉዳት መኖሩን የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃ የለም ብሏል። የራውተሩ ችግር ሌላ ነው። ስትተኛበት የአየር ቀዳዳውን ትዘጋዋለች፣ ገመዱንም ትነቅለዋለች። ግድግዳ ላይ ስቀሉት፣ አለቀ። የፍሪጅ አናትም፣ ፍሪጁ እስካልነዘረና መውጫ መውረጃው እስካላንሸራተታት ድረስ፣ ደህና መኝታ ነው።

ሪሲቨር፣ ላፕቶፕ፣ ስታብላይዘር፣ ዲቫይደርና የፍሪጅ ጀርባ መስተካከል አለባቸው። ምጣድ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ካውያና የክፍል ሂተር ግን በፍጹም አይሞከሩም።

ደረጃ 3፦ ሪሲቨሩንና ዳንቴሉን ለያዩ

ከሁሉም በላይ ድመት የምትወደው ሪሲቨሩን ነው። የቤታችን ልማድ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ሪሲቨሩ ላይ ዳንቴል እናለብሳለን። ዳንቴሉ ያምራል፤ እናቴ የሠራችውን እኔም እወደዋለሁ። ግን ሙቅ አየር የሚወጣው በላይኛው ቀዳዳ ነው። ዳንቴል አለበት፣ ዳንቴሉ ላይ ድመት አለች፣ ከድመቷ ሥር ሪሲቨሩ ይታፈናል። የከተማችን አየር ደግሞ ከባሕር ዳርቻ አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። ዕቃው እዚህ ሲሠራ ሞምባሳ ወይም ዱባይ ካለው መሰሉ የበለጠ አየር ይፈልጋል።

የእኔ ሪሲቨር በሁለተኛ ዓመቱ ሞተ። ጥገና ቤት ሲከፈት ውስጡ የውሪት ፀጉር ከአቧራ ጋር ተደባልቆ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። በኃይል ማስገቢያው በኩል ያሉት ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ክፍሎች፣ አናታቸው አብጦ ነበር። ሙቀት እንዲህ ያደርጋቸዋል።

ከገንዘቡ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ፈሳሽ ነው። ድመት ታስመልሳለች፤ አንዳንዴ ስትደነግጥ ትሸናለች። ያ ፈሳሽ በቀዳዳው ወርዶ 220 ቮልት ያለበትን ክፍል ካገኘ ለድመቷም ለቤቱም አደጋ ነው። ድሮ ሆዳሙ ቴሌቪዥን በነበረ ጊዜ ድመቶች አናቱ ላይ ይተኙ ነበር። አሁንም ያ ቴሌቪዥን ያላችሁ ካላችሁ እጅግ ተጠንቀቁ፤ ውስጡ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት አለ።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ዳንቴሉን አንሱትና ጠረጴዛው ላይ አንጥፉት። ሪሲቨሩን ከላዩ አስር ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ክፍተት ያለው መደርደሪያ ውስጥ አስገቡት። ያ ክፍተት ለአየር ይበቃል፣ ለድመት መኝታ ግን አይመችም። የመደርደሪያው ጀርባ ክፍት ይሁን። በሦስት ወር አንዴ ሶኬቱን ነቅላችሁ ቀዳዳዎቹን በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ጥረጉ። ሪሲቨሩን በሌሊት መንቀልም ይጠቅማል፤ ሲበርድ እሷም ትተወዋለች።

ላፕቶፕ ሲሆን ስትነሱ ክዳኑን ዝጉና መሳቢያ ውስጥ አስገቡት። ሠርታችሁ እንደጨረሳችሁ ወዲያው አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ መሃል አትተዉት። ባትሪው ያበጠ ላፕቶፕ ወይም ፓወር ባንክ ካላችሁ ደግሞ ድመት ኖረችም አልኖረች መጠቀም አቁሙ።

ደረጃ 4፦ ገመድና ዲቫይደር

የድመት ልጆች ገመድ ይነክሳሉ። ጥርስ ሲያወጡ ይብሳል። የተነከሱ፣ የተላጡና በፕላስተር የተጠቀለሉ ገመዶችን ቀይሩ። የቀሩትን ሰብስባችሁ በፕላስቲክ የገመድ ቱቦ ውስጥ አሳልፉ፤ ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ በሜትር ይሸጣል። ዲቫይደሩን መሬት ላይ አትተዉት። ግድግዳ ላይ በቡሎን አስሩት፣ ወይም ጎንና ጎኑ የተበሳ ጠንካራ ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት። ካርቶን አይሁን፣ ይነዳል።

ምጣድ በዲቫይደር አይሰካም። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፒየር ገደማ ይስባል። ተራው ዲቫይደር ይህን አይችልም፣ ይግላል። የጋለ ዲቫይደር ደግሞ ድመት ይጠራል።

ደረጃ 5፦ የፍሪጅ ጀርባ

ከፍሪጁ ጀርባ በታች ያለው ሞተር ሲሠራ እጅ የማያስነካ ሊሆን ይችላል። ቦታው ጨለማ፣ ሙቅና ሰው የማይደርስበት ነው። ለዚህም ነው ያረገዘች ድመት የምትመርጠው። የተወለዱ ግልገሎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራሳቸውን ሙቀት መጠበቅ አይችሉም፤ እናታቸው ይህን ስለምታውቅ ሙቅ ጥግ ትፈልግላቸዋለች። ድመታችሁ ካረገዘች አስቀድማችሁ ሌላ ሙቅ ጥግ አዘጋጁላት። የፍሪጁን ጎንና ጎን በሽቦ ወንፊት ዝጉት። በጣውላ ወይም በጨርቅ አትዝጉ፤ ፍሪጁ አየር ካጣ ሞተሩ ይቃጠላል። ፍሪጅ ከመግፋታችሁ በፊት ሁልጊዜ በባትሪ ጀርባውን እዩ።

ደረጃ 6፦ ምጣድና መብራት ሲጠፋ

ይህን ክፍል እባካችሁ ቤት ውስጥ ለሚያግዟችሁም አንብቡላቸው።

የሚጋግር ምጣድ 200 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ሸክላው ሙቀት ይይዛል። ከተነቀለ በኋላም ረዘም ላለ ጊዜ አይበርድም። መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ከዚያ ለብ ይላል፤ ድመት የምታገኘው ለብታው ላይ ነው። እዚያ ለምዳ በሌላ ቀን ሲግል ትዘላለች።

ስለዚህ መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ሥራ ሻማ መፈለግ አይደለም። ምጣዱን፣ ምድጃውንና ካውያውን ከሶኬት መንቀል ነው። ማብሪያ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም፤ በጨለማ የቱ በርቶ የቱ ጠፍቶ እንደነበር ይረሳል። ስትነቅሉ ገመዱን አንሱትና ክዳኑ ላይ አድርጉት። ገመዱን ያየ ሰው ሁሉ መነቀሉን ያውቃል። እኔ ቤት ይህች ትንሽ ልማድ ብዙ ረድታናለች።

ጋግራችሁ ስትጨርሱ የኩሽናውን በር ዝጉ። ምጣዱ እስኪበርድ፣ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት፣ አይከፈት። በር ከሌለው ድመቷን መኝታ ቤት አስገቧትና በሩን ዝጉ።

ሽቦው የተጋለጠ የሸክላ የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሁሉ የከፋ ነው። ሽቦው ራሱ ኤሌክትሪክ ይዟል። ሳይቀላ፣ ቀዝቅዞ ሳለም፣ ሶኬት ላይ ካለ ይገድላል። ድመት ላለበት ቤት ሽቦው የተሸፈነ ምድጃ ይገዛ ዘንድ እመክራለሁ። አቅም ካልፈቀደ ተጠቅማችሁ ስትጨርሱ ነቅላችሁ ከፍ ያለ ቁምሣጥን ውስጥ ይግባ።

ደረጃ 7፦ የተሻለ መኝታ ሥሩላት

እስካሁን ያለው ሁሉ መከልከል ነው። መከልከል ብቻውን አይሠራም። “ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ” ይባላል። ብትመቷትም፣ ብትጮኹባትም፣ ውሃ ብትረጩባትም ስትወጡ ጠብቃ ትመለሳለች። የምትፈልገው ሪሲቨሩን ሳይሆን ሙቀቱን ነው። ሙቀቱን ስጧት።

አንድ መካከለኛ ካርቶን ውሰዱ። ጎኑን የእሷን አካል በሚያሳልፍ መጠን ብሱት፤ ከ15 እስከ 18 ሳንቲሜትር ይበቃል። ጠባብ በር ሙቀት አያስወጣም። ውስጡ የጋቢ ቁራጭ ወይም የለበሳችሁትን ሹራብ አንጥፉ። ሹራቡን አትጠቡት፤ የእናንተ ጠረን ይሻላታል።

ከዚያ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ አምጡ። መጀመሪያ እስከ ግማሽ የቧንቧ ውሃ ሙሉበት፣ ከዚያ የቀረውን በፈላ ውሃ። ቅደም ተከተሉን አትለውጡ፤ የፈላ ውሃ ብቻውን ሲገባ ፕላስቲኩን ያጨማድደዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ግማሽ በግማሽ ሲደባለቅ 55 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉና ገልብጣችሁ ሞክሩ። በወፍራም ካልሲ አልብሱት፤ አንድ አይበቃም፣ ሁለት ይሁን። ካርቶኑ ውስጥ በአንድ ወገን ብቻ አስቀምጡት። ሲሞቃት የምትሸሽበት ወገን ያስፈልጋታል።

ቦታው ወሳኝ ነው። ካርቶኑን በረንዳ ላይ ወይም ጥግ ብታስቀምጡት አትገባም። ድመት ከፍ ያለና ሰው የሚታይበት ቦታ ትወዳለች። መጀመሪያ ልክ ሪሲቨሩ የነበረበት አጠገብ አድርጉት። ወጥ የነካ ሥጋ አይደለም፣ ሽንኩርት ይጎዳታልና፤ ትንሽ የተቀቀለ ሥጋ ውስጡ ጣሉላት። ሪሲቨሩ ላይ ስትወጣ ምንም ሳትናገሩ አንስታችሁ ካርቶኑ ውስጥ አስገቧት። ውሪት በዘጠነኛው ቀን ሳልጠራት ገባች። ከዚያ በኋላ ካርቶኑን በየቀኑ አንድ ክንድ ያህል እያራቅኩ መስኮቱ ሥር አደረስኩት። ጠዋት ፀሐይ እዚያ ትገባለች። ያ ምንም መብራት አይበላም።

የሰው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጨርቅ ግን አታንጥፉላት። ጥፍሯ ይበሳዋል፤ ሙቀቱም በላይኛው ክፍል ላይ ስለ ቆዳዋ የነገርኳችሁን አደጋ ያመጣል።

ውጭ አገር ላላችሁ

ዋሽንግተንም ሆነ ስቶክሆልም ቤቱ ማሞቂያ ስላለው ይህ ሁሉ ይቀልላችኋል። የእናንተ ትልቁ አደጋ ድራየሩ ነው። በሩ ክፍት ከሆነ፣ ሙቅ ልብስ ካለበት፣ ድመት ትገባለች። ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት ሁልጊዜ እጃችሁን አስገብታችሁ እስከ ጥጉ ዳብሱ። የልብስ ማጠቢያውም እንዲሁ። በብርድ ወቅት መኪና ከማስነሳታችሁ በፊት ደግሞ ኮፈኑን በእጅ ምቱት፤ የጎረቤት ድመት ሞተሩ ላይ ልትሆን ትችላለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 መግቢያ ላይ አምስት ድመቶች በበረዶ መሃል የስታርሊንክ የሳተላይት ኢንተርኔት ሳህን ላይ ተደራርበው የተኙበት ፎቶ በመላው ዓለም ታይቷል። ሳህኑ በረዶ ለማቅለጥ ራሱን ያሞቃል።

አደጋ ከደረሰ

ገመድ ነክሳ ከተያዘች አትንኳት። መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ ወይም ቆጣሪው ጋ ያለውን ብሬከር አውርዱ። ይህ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት፣ ለምሳሌ በመጥረጊያ እጀታ፣ ገመዱን ከአፏ አርቁ። ተነስታ ብትሄድም ደህና ናት ብላችሁ አትተዉ። ኤሌክትሪክ ሳንባ ውስጥ ውሃ እንዲቋጥር ሊያደርግ ይችላል፤ ይህም ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ቆይቶ፣ ሊመጣ ይችላል። አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ ድድዋ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ፣ መብላት ካቆመች በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ውሰዷት።

ከተቃጠለች ቦታውን ቀስ ብሎ በሚወርድ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ለአስር ደቂቃ እና ከዚያም በላይ አቀዝቅዙ። በረዶ አይሁን። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የቡና ዱቄት አትቀቡ። በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ውሰዷት።

ከምንም በላይ የሰው ማስታገሻ አትስጧት። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ ጉበቷ መድኃኒቱን እንደ ሰው ፈጭቶ ማስወጣት አይችልም። ለመግደል አንድ ፍሬ ይበቃል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም አይሆኑም፣ ቅባቱም ጭምር፤ ትልሰዋለች።

ሳትቃጠል፣ ምንም ሳይደርስባት፣ በድንገት ከሙቅ ቦታ አልነሳ ካለችና ምግብ ከተወች ያም የበሽታ ምልክት ነው። ያረጁ ድመቶች መገጣጠሚያቸው ሲያማቸው ሙቀት ላይ ይጣበቃሉ።

የእንስሳት ሐኪም ስልክ ዛሬውኑ ፈልጋችሁ ፍሪጁ በር ላይ ለጥፉ። ቢሾፍቱና አካባቢው ያላችሁ እዚያ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ማሰብ ትችላላችሁ። ስትወስዷት በፎጣ ጠቅልሏት፤ ያመማት ድመት የምትወደውንም ሰው ትነክሳለች። ከነከሰቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መከተቧንና አለመከተቧን ይጠይቋችኋል፤ የክትባት ካርዷን ያዙ።